የታላቅየዋ ካይት

ታናሽየዋ ፓምፑን በሁለት እጇ ጨብጣ ጎንበስ ቀና እያለች ትነፋለች። አሸዋው ላይ ዘርፈጥ ብሎ የነበረው ቀይ ካይት፣ ነፋስ ይዞ ሰውን በባሕር ላይ የሚጎትተው ትልቅ የጨርቅ ክንፍ፣ ቀስ በቀስ አበጠና ቅርጹን ያዘ። ታላቅየዋ ምርኩዟን ተደግፋ ታየዋለች። ስንት ዘመን በዚህ ካይት እየተጎተተች በባሕሩ ላይ በርራለች! ባለፈው ክረምት ግን ይኸው ካይት አንስቶ ድንጋይ ላይ ሲያፈርጣት፣ ጉልበቷ እንዳይሆን ሆኖ ቀረ።

ዛሬ ለቡድኑ ተወዳዳሪ የሚመረጥበት ቀን ነው። ካይቱ የክለቡ ንብረት ስለሆነ፣ አሠልጣኙ የምርጫ ተራዋንም ካይቷንም ለእህቷ ሰጥቷል።

"አንቺ ጋ የቀረው ዕውቀቱ ብቻ ነው፤ እሱንም ስጫት" አላት እየሳቀ። "ጥሩውንም መጥፎውንም ንገሪያት።"

"ጥሩው፣" አለች ታላቅየዋ፣ "ትንሽ ነፋስ ይበቃዋል። ሌላው አሸዋ ላይ ተጎልቶ ነፋስ ሲለምን አንቺ ትሄጃለሽ። እጀታውን ነካ ስታደርጊው እሺ ብሎ ይዞራል። ስትዘዪም አየር ላይ ያቆይሻል።"

"መጥፎውስ?"

"ተንኮለኛ ነው። ሲለቁት የተኛ ይመስላል፤ ከዚያ ሳታስቢው መንጭቆ ያነሳሻል። ኃይሉ እንዲቀንስ እጀታውን ብትገፊውም ቶሎ አይሰማሽም። እንዲህ ነፋሱ ሲቆራረጥ ከዚህ ከባሕሩ ዳር ግንብ አጠገብ ማስነሳት ሞት ነው፤ አንስቶ ይፈጠፍጥሻል። ወደ ሜዳው ውሰጂው።"

ታናሽየዋ ከአሠልጣኙ ጋር ተያይታ ሳቀች። "አይ እትዬ! ሜዳ ለሜዳ ስዞር ተራዬ እንዲያልፈኝ ነው? ካይቱ ምንም አልሆነም። አንቺ ነሽ ያረጀሽበት።"

"ተያት፣ ቅናት ነው" አለ አሠልጣኙ፣ ሰው እንዲሰማለት ድምፁን ከፍ አድርጎ። ተራ የሚጠብቁት ልጆች በሳቅ አውካኩ።

የታላቅየዋ ፊት ደም መሰለ። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ይህችን ልጅ አጉርሳ፣ ፀጉሯን አበጥራ፣ ዋና አስተምራ ያሳደገቻት እሷ ናት።

ታናሽየዋ ቀበቶዋን አጥብቃ፣ ገመዶቹን አያይዛ ራቅ ብላ ቆመች። ካይቱን ጠርዙን ይዞ የሚያቆም ሰው ያስፈልግ ነበር። አሠልጣኙ ዙሪያውን ቃኘና፣ "አንቺ ያዥላት። መቆም እንኳ አያቅትሽም መቼስ" አለ።

ምርኩዟን አሸዋው ላይ ጥላ፣ በደህናው እግሯ ተደግፋ ካይቱን ይዛ ቆመች። ነፋሱ ለአፍታ ጸጥ አለ። ከዚያ አቅጣጫውን ቀይሮ ወደ ግንቡ ይነፍስ ጀመር። ጨርቁ በእጆቿ መካከል ተንዘፈዘፈ። ይህን መንዘፍዘፍ በደንብ ታውቀዋለች፤ ካይቱን ቶሎ አስተኝቶ አሸዋ መጫን ነው እንጂ ሌላ መላ የለውም።

"ሚጣዬ፣ ነፋሱ ዞሯል!" ብላ ጮኸች።

"ልቀቂው ባክሽ!" ታናሽየዋ አውራ ጣቷን ወደ ላይ አነሳች። "ዛሬም አላስችል አለሽ?"

ልጆቹ ዳግመኛ ሳቁ። ታላቅየዋ ግንቡን አየች። እህቷንም አየች፤ አገጯን ቀና አድርጋ፣ ፈገግ ብላ ቆማለች።

"ነግሬያታለሁ" አለች ለራሷ፣ ማንም እንዳይሰማት አድርጋ። እጆቿንም ከፈተች።