በሦስቱም ባሕር ውስጥ የቆመው

ሐይቅ ከተማ ወሬ አያድርባትም። ጠዋት መናኸሪያ የተነገረ ነገር፣ ባጃጁ ውሃው ዳር ሳይደርስ ቀድሞት ይደርሳል። የሂንድ የጫጉላ ጉዞም እንዲሁ ሆነ። ባሏ ሙንተሲር ከዱባይ የሦስት ደሴት ፎቶ ልኮ «ከሰርጉ በኋላ የምንሄድበትን እስከ ጁምዓ ምረጪ» ቢላት፣ እሷ አስባ ሳትጨርስ ሰፈሩ መርጦ ጨርሶ ነበር። ግማሹ ዛንዚባር አለ፤ ግማሹ ማልዲቭስ። ሲሸልስን የመረጠች ጓደኛዋ ራዚያ ብቻ ናት፤ እሷም ስሙ አምሯት እንጂ ቦታውን ብትጠየቅ ደሴ ማዶ ነው ባይ ናት።

«ሲሞላላት መምረጥ አቃታት!» አሉ ሴቶቹ።

ሂንድን ያቃታት ግን ሌላ ነበር። ስልኳን በከፈተች ቁጥር፣ ከነጩ አሸዋ ፊት፣ ያን መስታወት በመሰለ ውሃ ውስጥ፣ እስከ ደረቱ የገባ ልጅ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ቀይ ካናቴራ ለብሷል። አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል አድርጓል፤ ሲጠሩት ያልሰማ እንደሚያስመስል ሰው። መጀመሪያ ጎብኚ መሰላት። ወደ ሁለተኛው ደሴት ስታልፍ እዚያም ቆሟል። በሦስተኛውም። ለራዚያ ብታሳያት «የቱ ልጅ? ነፍስ ያለው የለበትም እኮ! ሰው የሌለበትን ነው የፈለገልሽ፣ ብልጥ ነው» ብላ ሳቀችባት።

አንገቱን እንዲያ የሚያዘነብል ሂንድ የምታውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ታናሽ ወንድሟ ኡበይድ። ካናቴራውን ግን አታውቀውም።

ኡበይድን፣ እሷ ኩዌት ሳለች፣ ከጅቡቲ ወደ የመን ሲሻገር ባሕር በልቶታል። አብሮት ጀልባ ላይ የነበረው የሰፈራቸው ልጅ ሀሚዱ ተርፎ ሳውዲ ሲገባ ደውሎ ነገራት። እሷም ለእናቷ እንዳይናገር በአላህ አስማለችው። መርዶ በስልክ አይነገርማ! መርዶ ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ደግፎ የሚይዝ ሰው ከጎን ተቀምጦ ነው። እስክመጣ ልያዘው አለች። መጣች። ትንሽ ልቆይ አለች። ከዚያ ኒካሁ ታሰረ፤ ከዚያ ረመዷን ገብቶ ወጣ። ደስታ ደስታን ሲጠራ መርዶው ሆዷ ውስጥ አረጀ። እናቷ አሪፋ ደግሞ ስለ ኡበይድ አንድ ቀን እንኳ ጠይቃት አታውቅም። ተስፋ ላይ ናት፣ ትላለች ሂንድ በልቧ፤ በምን አፌ እቆርጥባታለሁ? ደሴት አልፈልግም ብትል ሙንተሲር ለምን ይላል፤ ለምን ከተባለ ነገሩ ይወጣል። እሺ ብላ እንዳትሄድ ደግሞ፣ ልጁ ውሃው ውስጥ ቆሟል።

ጁምዓ ደረሰ። ከስግደት በኋላ ጎረቤታቸው ቢያድግልኝ ዓሣ አንጠልጥሎ ከች አለ። አጥማጅ ነው። በእኛ አገር ክርስቲያንና እስላም ሥጋ አይቀማመስም፤ ዓሣ ግን አይታረድምና የሁሉም ነው። ስለዚህ ቢያድግልኝ ዓሣ ይዞ መጣ ማለት አብሮ ሊበላ መጣ ማለት ነው።

«ደሴቱስ?» አለ ገና ሳይቀመጥ።

«አልመረጥኩም ጋሼ።»

«ምን ያስጨንቅሻል? የእስጢፋኖስ ገዳም ደሴት አልነበር? ውሃው ሸሽቶት ነው እንጂ። በእግርሽ ትሄጃለሽ።»

«ሴት አያስገቡማ!»

«ባልሽን እናስገባዋለን። አንቺ ከዚህ ማዶ ሆነሽ እጅሽን ታውለበልቢለታለሽ።»

አሪፋ ሳቀች። ሂንድም እየሳቀች ዓሣውን ጠብሳ አቀረበች። ቢያድግልኝ ቢስሚላ ሳይባልለት ጀመረ። ሁለቱ ሴቶች ግን እጃቸውን አልዘረጉም።

«ብሉ እንጂ!»

«እኔስ ጨጓራዬ» አለች አሪፋ።

«እኔ ኩዌት ዓሣ ሲያበሉኝ ኖረው ሰለቸኝ» አለች ሂንድ።

«እት አሪፋ፣ ጨጓራ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የያዘሽ? ከኡበይድ ጋር በዓሣ ራስ የምትጣይ አልነበርሽም?»

ቢያድግልኝ ያመለጠውን ቃል ሊመልሰው የፈለገ ይመስል አፉን በእጁ ያዘ።

ሂንድ ዓሣ የተወችው ሀሚዱ የደወለ ዕለት ነው። ዓሣ ባሕር ውስጥ ምን በልቶ እንደሚያድግ ያሰበ ሰው እንዴት ይጎርሳል? ይኽን ለማንም ተናግራ አታውቅም። ቀና ስትል እናቷ ሳህኑን አይታ፣ ቀስ ብላ ወደ እሷ ዞረች።

«አንቺም?» አለች አሪፋ።

«እማ…»

«ማን ነገረሽ?»

«ሀሚዱ። አንቺንስ?»

«ሀሚዱ።»

ለካ ሀሚዱ ከሳውዲ ተባሮ ሲመለስ መሐላው ከብዶት ለሽማግሌዎች ተናግሯል። ለአሪፋ ጎህ ሲቀድ ተነግሯት፣ ሬሳው በሌለበት ተሰግዶለት፣ ሰደቃው ወጥቶ ነበር። ከዚያ አሪፋ በተራዋ ከተማውን አስማለች፤ «ልጄ ሰው አገር ብቻዋን አታልቅስ። እስክትመጣ ያዙልኝ።» ስትመጣ ደግሞ ኒካሁ ሆነ፤ ሙሽራ እንዴት መርዶ ይረዳል? ወሬ የማያድርባት ሐይቅ ይኽን አፏ ውስጥ ይዛ ለሂንድ ደሴት ስትመርጥላት ከርማለች።

እናትና ልጅ ተቃቅፈው አለቀሱ። ቢያድግልኝ ዓሣውን ከፊታቸው አነሳና «መርዶ እንኳ ጎህ ሲቀድ ነበር» አለ፤ ዓይኑን በክንዱ እየጠረገ።

ለቅሶው በረድ ሲል አሪፋ «የቱ ደሴት ነው ውሃው እሱ ካለበት ጋር የሚገናኘው?» አለች።

«ሁሉም ይገናኛል እማ። ባሕሩ አንድ ነው።»

«እንግዲያው ሂጂ። ከአባትሽ መቃብር አፈር ትይዣለሽ። ሰው ሁሉ ሲቀበር ሦስት እፍኝ አፈር ይደረግለታል፤ የእኔ ልጅ ብቻ ቀረበት። ዱዓ አድርጊና በትኚለት።»

«አፈር በአውሮፕላን ያስገባሉ?» አለ ቢያድግልኝ።

«በበርበሬ ዕቃ ትይዘዋለች። የወሎ ሰው በርበሬ ሳይዝ የት ሄዶ ያውቃል?»

ሂንድ ስልኳን ከፈተች። ሲሸልስ፤ ውሃ ብቻ። ማልዲቭስ፤ ውሃ ብቻ። ዛንዚባርን ከፈተች።

ቆሟል። አሁን ግን ፊቱን አዙሯል።

አሪፋ በሂንድ ትከሻ በኩል አጎንብሳ አየች። የተሰነጠቀ ጣቷን ዘርግታ ልጁ የቆመበት ላይ በቀስታ አሳረፈችው።

«ይችን ቀይ ካናቴራ» አለች፣ «እኔ ነኝ የገዛሁለት። ሊሄድ ሲል።»