ከደመላሽ ጀርባ

«መቼ ነው ያረፈው?» አለች አይናዲስ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከባሏ ጎን አግዳሚው ላይ ቀስ ብላ እየተቀመጠች።

«ማን?» አለ ምንይችል።

«ደመላሽህ ነዋ። ሌላ ማንን ብለህ ነው እንዲህ የሆንከው?»

አይፈረድባትም። ምንይችል ከደጀን ይዟት ሲመጣ የነገራት የድሮ ጌም ውድድሩ የወጣቶች አዳራሽ ውስጥ እንደሆነ ነበር። አዳራሹን ስብሰባ ስለያዘው ግን ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተከለ፤ ድንኳኑ ደግሞ የእድር ነው፣ ስሙ ጎኑ ላይ በሰማያዊ ቀለም ተጽፏል። አግዳሚዎቹም እነዚያው ናቸው፤ ሰው ገና ሲቀመጥባቸው ሳያስበው አንገቱን የሚደፋባቸው። አይናዲስ የማርቆስን ገበያ ዞር ዞር ብላ ስትመለስ ያገኘችው እንግዲህ ይህንን ነው፦ ድንኳን፣ ዝም ያለ ሰው፣ ጥግ ላይ ደግሞ ዓይኑ እንባ ያቀረረ ባል። ይህን አይታ ነጠላዋን የማታዘቀዝቅ ሴት ከየት ትመጣለች?

ምንይችል በአገጩ ወደ ድንኳኑ ራስጌ አመለከታት። የሰው ቁመት ያላቸው አሮጌ ሣጥኖች ተደርድረዋል፤ ሁሉም ደረታቸው ላይ መስታወት፣ ከመስታወቱ ሥር ማርሽ የመሰለ እጀታ፣ ከእጀታው ሥር ሳንቲም የሚጎርስ አፍ አላቸው። ጌቱ የሚባል ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ከየሆቴሉ ጓዳ ለቃቅሞ፣ ጠጋግኖ ነፍስ የዘራባቸው የድሮ ጌሞች ናቸው። ከመካከለኛው ሣጥን ፊት አንድ ወፈር ያለ ባለመነጽር ሰውዬ ጣቶቹን ያፍታታል።

«ያውልሽ፣ እሱ ደህና ነው» አለ ምንይችል። «የሞትኩትስ እኔ ነኝ።»

አይናዲስ ነጠላዋን መልሳ አስተካከለችና ነገሩን ቀስ በቀስ አወጣጣችው። ጠዋት ደመላሽ ከአዲስ አበባ ሲደርስ ሰው ከቦት ነበር። ምንይችልም እንደምንም ተጋፍቶ እጁን ጨበጠ፤ የደጀኑ ምንይችል ነኝ አለው። ደመላሽ «እንዴት ነህ፣ ወንድሜ» አለውና ያንኑ ቃል ለሚቀጥለውም፣ ከዚያ ለሚቀጥለውም እያለ አለፈ። ይኸው ነው። ለሌላ ሰው ምንም አይደለም።

ለምንይችል ግን የዕድሜ ልክ ነገር ነው። ደጀን ውስጥ እሱ ፀጉር ቤት ገብቶ ስለ ደመላሽ ሳይሰማ የወጣ ሰው የለም። ድሮ፣ ሁለቱም ጎረምሶች ሳሉ፣ አንድ የአሰብ ሹፌር እንዲህ ያለ ሣጥን አምጥቶ አንድ ቡና ቤት ውስጥ አስቀምጦ ነበር። መስታወቱ ውስጥ ጥቁር ሰማይ አለ። ከሰማዩ መርከቦች በሰልፍ ይወርዳሉ፤ ከታች አንዲት ትንሽ መርከብ ብቻዋን ትጠብቃቸዋለች። ያቺን መርከብ እንደ ደመላሽ የሚነዳ አልተገኘም። የዓባይን ዳገት ወጥተው የደረሱ ሹፌሮች ሳይቀሩ ምግባቸው እስኪቀዘቅዝ ያዩት ነበር።

ምንይችል ግን እጀታውን ነክቶም አያውቅም። የእሱ ቦታ ከደመላሽ ጀርባ፣ ከግራ ትከሻው በላይ ነበር። ግድግዳው ሥር አግዳሚ አለ። ደመላሽ ዓይኑን ከመስታወቱ ሳይነቅል «አንተ ልጅ፣ ቁጭ በል እንጂ» ይለዋል፤ ምንይችል አይቀመጥም። ደመላሽ ሳይዞር የእሱን መቆም እንዴት እንደሚያውቅ ሁሌም ይገርመው ነበር።

በኋላ ደመላሽ ደጀንን ለቆ አዲስ አበባ ገባ፣ ሣጥኑም ተበላሸ። ወሬው ብቻ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ቀረ፤ እንደ ደህና ልጅም በየዓመቱ አደገ። መጀመሪያ «አውቀዋለሁ» ነበር። ቆይቶ «ጓደኛዬ ነው» ሆነ። ሰሞኑንማ «እኔ ካልቆምኩለት እጁ አይታዘዝለትም ነበር» ላይ ደርሶ ነበር። አይናዲስ በሰማችው ቁጥር ፈገግ ብላ ታልፈዋለች፤ ያቺን ፈገግታ ሊያስተዋት ነው ዛሬ አውቶቡስ ያሳፈራት።

«እንግዲያ በምኑ ይወቅህ?» አለችው አሁን። «ጀርባውን ሰጥቶህ አይደል የኖረው? አንተ ማጅራቱን ታውቃለህ፤ እሱ ያንተን ምን ያውቃል?»

ምንይችል ይህን አስቦት አያውቅም ነበር።

«በል ተነስ» አለች። «ሂድና ቦታህ ላይ ቁም። ፀጉር ቆራጭ ነህ፣ ከሰው ኋላ መቆም ማን እንዳንተ ያውቃል።»

ጌቱ በድምፅ ማጉያው የመጨረሻው ዙር መጀመሩን ተናገረ። ምንይችል በሰው መካከል እየተሽሎከለከ ሄደና ከደመላሽ ግራ ትከሻ በላይ ቆመ።

ሣጥኑ ያንን የድሮ ድምፁን ማሰማት ጀመረ፤ ዝግ ያለ፣ ከሩቅ የሚመጣ፣ የተኛ ሰው ልብ የመሰለ። ምንይችል ከዚያ ወዲያ የት እንዳለ በደንብ አያውቅም። የጥቅምት ፀሐይ በድንኳኑ ሸራ ውስጥ አልፋ ሰዉን ሁሉ ወተት አስመስላዋለች። መርከቦቹ በሰልፍ ወረዱ። ልጅ ሳለ፣ ሲመሽ ደጀን አፋፉ ላይ ወጥቶ ከዓባይ የሚወጡትን የጭነት መኪናዎች መብራት ሲያይ፣ እነሱም እንደዚህ ነበሩ፤ አንዱ ከአንዱ ኋላ፣ ድምፃቸው ሳይሰማ፣ ጨለማው ላይ የተንጠለጠሉ። የትኞቹ ከሰማይ እንደሚወርዱ፣ የትኞቹ ከገደል እንደሚወጡ ያኔም አይለይለትም ነበር። የናፍጣው ሽታ መጣለት። እግሩ ቀለለው። የደመላሽ ማጅራት ሸብቷል፣ ከኮሌታው በላይ ሁለት ቦታ ታጥፏል፤ እጁ ግን ያው እጅ ነው፣ አይቸኩልም፣ ትንሿን መርከብ ታዛ ለታዛ እንደሚሄድ ሰው በቀስታ ይወስዳታል።

የቀሩት መርከቦች አንድ ረድፍ ብቻ ሲሆኑ መብራት ሄደ።

ድንኳኑ በአንድ አፍ ተነፈሰ። አንዱ መብራት ኃይልን አማረረ፣ ጌቱ ወደ ጄኔሬተሩ ሮጠ፣ ሰው ወጣ ወጣ አለ። ደመላሽ ብቻ ከቦታው አልተነቃነቀም። እጀታውን እንደያዘ የጠቆረውን መስታወት ያያል።

ምንይችልም አየ። ከድንኳኑ በር በሚገባው ብርሃን መስታወቱ ውስጥ ሁለት ፊት አለ፤ አንዱ ባለመነጽር፣ ሌላው ከእሱ ግራ ትከሻ በላይ፣ መላጣ። ፀጉር ቤቱ ውስጥ ደንበኞቹን ዕድሜውን ሙሉ የሚያየው በዚህ ዓይነት ነው፤ እሱ ከኋላ፣ እነሱ ከፊት፣ ዓይን ለዓይን በመስታወት። ለካ ያኔም በዚያ ጥቁር ሰማይ ውስጥ፣ መርከቦቹ መካከል፣ ለደመላሽ የእሱ ፊት ይታየው ነበር።

ከኋላቸው አይናዲስ ከአግዳሚው ብድግ ብላለች። ፈገግታዋ ጠፍቷል።

ደመላሽ መነጽሩን አወለቀ፣ በሸሚዙ ጫፍ ወለወለው፣ መልሶ አደረገውና ወደ መስታወቱ ጠጋ አለ። ቆየ። ዞር ግን አላለም።

«አንተ ልጅ» አለ፣ «እስካሁን አልተቀመጥክም እንዴ?»