የሮማን እጅ

መርሳ ውስጥ የሞተርን በሽታ በጆሮ ብቻ የሚያውቅ ሁለት ሰው ነበር፤ አንዱ አቶ ብርሃኑ፣ ሁለተኛዋ ልጃቸው ሮማን። የካቻቪቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ ታሳርፍና እጀታውን ጆሮዋ ላይ አስደግፋ፣ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ጉዱን ትነግርሃለች። ታላቅ ወንድሟ ሮቤል ግን ጋራዥ ውስጥ ተወልዶ አድጎ ካንዴላን ከኖዝል አይለይም። ባጃጅ ይነዳል፣ ጫማውን ያስጠርጋል፣ ያወራል። ወንድ ስለሆነ ለምን ሙያ የለህም ብሎ የጠየቀው ሰው የለም።

የአቶ ብርሃኑ ወገብ እምቢ ካለ ወዲህ ጋራዡ ተረካቢ ይፈልጋል። በጦርነቱ ጊዜ የወደቀውን ታፔላ በማን ስም እንደሚያጽፉት ግን መወሰን አቃታቸው። ልባቸው ወደ ሮማን ነው፤ የሰው አፍ ያስፈራቸዋል። "መኪና የሚያመጣው ሹፌር ሁሉ ምን ይለኛል?" ይሉና ይተዉታል።

እንዲህ እያሉ ሳለ ከአዲስ አበባ የመጡ የፊልም ሰዎች መኪና በወልድያ መንገድ ሲሪንቃ ላይ ተበላሽቶ ቆመ። ሮማን ሄዳ በግማሽ ሰዓት አስነሳችው። በረከት የሚባለው ዳይሬክተር ፈዝዞ ሲያያት ቆየና፣ "አንቺንማ ፊልሜ ውስጥ ማስገባት አለብኝ" አላት።

ማታውኑ ለአባቷ፣ "ታፔላውን ትንሽ ያቆዩት። አገር ሁሉ ሴት መኪና ስትሠራ በፊልም ይይ፤ ሹፌሩ የሚለውን ያኔ እንሰማለን" አለቻቸው። እሺ አሉ።

በመጀመሪያው ቀን የዋናውን ተዋናይ ጃኬት አልብሰው፣ የእሱን ሰዓት አስረውላት እጆቿን ብቻ ቀረጹ። "ጃኬቱ ለምንድን ነው?" ብትል "ለቀለሙ" አሏት። በማግስቱ ፊቷንም ቀረጹት። ለተዋናዩም ሞተር በካቻቪቴ እንዴት እንደሚደመጥ አሳየችው። ምስኪን፣ በፊልም ልታይ ነው ብላ ለመርሳ ሰው ሁሉ አወራች።

ፊልሙ ወልድያ ሲደርስ ጋራዡ በገበያ ቀን ተዘግቶ ሦስቱም ለከሰዓቱ ትርዒት ሄዱ።

በፊልሙ ውስጥ መኪና መንገድ ላይ ቆሟል። ታኮ ጫማ ያደረገች ልጅ ጎማው አጠገብ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ያንን ጃኬት የለበሰው ተዋናይ ይመጣና "ዞር በይ" ብሏት ኮፈኑን ይከፍታል። ካቻቪቴውን ገልብጦ የብረቱን ጫፍ ጆሮው ላይ ደገነው፤ አዳራሹ ውስጥ ከአቶ ብርሃኑና ከሮማን በቀር ይህን ያስተዋለ አልነበረም። ቀጥሎ እጆቹ መጡ። የሮማን እጆች ናቸው። የሞተር ቺንጋ የበላው የግራ አውራ ጣቷ ግድግዳውን ሞልቶ ታየ። እጆቹ ሠርተው ሲጨርሱ የወንዱ ፊት ፈገግ አለ፣ ልጅቷ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፣ ሕዝቡ አጨበጨበ። ሮቤልም አጨበጨበ። የሮማን ፊት እስከ መጨረሻው አልመጣም።

ወደ አባቷ ዞር ብላ፣ "አባዬ፣ ጣቴን አዩት?" አለች።

"አየሁት እንጂ ልጄ። ያኔ ጨርቅ ቀድጄ ያሰርኩልሽ እኔ አይደለሁ?"

ይህ አጽናናት። አባቷ ካወቁ ሌላው የራሱ ጉዳይ ብላ ሚኒባስ ውስጥ ገባች።

"እጁ ያንቺ ነው" አሉ አቶ ብርሃኑ ሲሪንቃን ሲያልፉ፣ "ሰው ያጨበጨበው ግን ለሰውዬው ነው። ታፔላው በሮቤል ስም ይሁን። አንቺ ትሠሪያለሽ፣ እሱ በር ላይ ይቆምልሻል።"

"ፊልሙ እኮ ውሸት ነው፣ አባዬ።"

"ውሸት መሆኑን የምናውቀው እኔና አንቺ ብቻ ነን።"

ሮቤል በመስኮቱ የማሽላውን ማሳ ያያል።

"ሮቤል ጋራዥ" የሚለው ቀይ ጽሑፍ በተሰቀለ በሳምንቱ አንድ የሐራ ሹፌር አይሱዙውን እያስጓራ መጣ። ሮማን ከሥሩ ተጋደመች። "አሥራ ሰባት ቁልፍ" ብላ እጇን ስትዘረጋ ሮቤል አሥራ አራት አቀበላት፤ መልሳ ላከችው። ከሰዓት በኋላ ሹፌሩ አስነስቶ አዳመጠ፤ ሞተሩ ጸጥ ብሎ ይሠራል። ደስ ብሎት ከጋቢናው ወረደና፣ ጠብታ ግራሶ ያልነካውን ሮቤልን ጨብጦ፣ "እጅህ ይባረክ" አለው።

ሮማን ገና ከመኪናው ሥር አልወጣችም።

"አሜን" አለ ሮቤል።