ሶረቲ የጎነጎነችው

ሜዳው ላይ ጅራፍ ከየአቅጣጫው ሲጮኽ ሶረቲ ብቻ ባዶ እጇን ግንቡ ሥር ተቀምጣለች። ምንተስኖት ከሩቅ አይቷት ግር አለው። በዚህ ክረምት ካስተማራቸው ልጆች ሁሉ እንደ እሷ አሳምሮ የጎነጎነ አልነበረም። ለቡሄ ዋዜማ ከወንዶቹ ቀድማ ትመጣለች ብሎ ነበር የጠበቃት።

ምንተስኖት አዳማ ውስጥ፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ባለች ጠባብ አዳራሽ፣ ለልጆች የየወቅቱን የእጅ ሥራ ያስተምራል። ለእንቁጣጣሽ የወረቀት አበባ፣ ለገና ዱላ፣ ለቡሄ ጅራፍ። ልጅ የሚታነጸው በምክር ሳይሆን በገዛ እጁ ነው ብሎ ያምናል። ቃጫ ሲገምድ የሚታገሥ ልጅ ተራውን መጠበቅ ይለምዳል፤ ጓደኛውን ጫፉን ያዝልኝ የሚል ልጅም ማመስገንን ያውቃል። እሱ ራሱ በአለንጋ ያደገ ሰው ስለሆነ በዚያች አዳራሽ ማንም ልጅ እንደማይመታ ምሎ ነበር።

ሶረቲን በሰኔ መጨረሻ ያመጣት አባቷ ገመዳ ነው። ከጅቡቲ ሞጆ እየተመላለሰ የጭነት መኪና ይነዳል፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ልጁን የምታሳድግለት እህቱ ናት። ልጅቷ ከሰፈሩ ልጅ ሁሉ እንደምትጣላ፣ እንደምትናከስም ነግሮት፣ እጇን ሥራ ያስይዙልኝ ብሎ ለመነው። ወንዶቹ ሴት ልጅ ጅራፍ አትሠራም ብለው ሳቁባት። እሷ ግን የአክስቷን ፀጉር ስትሠራ የሠለጠነ ጣቷ ቃጫውን እንደ ሹሩባ አስተኛው። ስትጨርስ ምንተስኖት አባቷን አስጠርቶ፣ የልጅዎን ሙያ ይዩ ብሎ ጅራፉን በእጁ አስረከበው።

ከዚያ ወዲህ ሶረቲ ሌላ ልጅ ሆነች። መናከሱ ቀረ። ሲጠሯት አቤት፣ ሲልኳት ወዴት የምትል፣ አንገቷን የደፋች ሆነች። ምንተስኖት ለሚያገኘው ወላጅ ሁሉ የእሷን ታሪክ ያወራ ጀመር።

አጠገቧ ሄዶ ተቀመጠ። በዚያ ወበቅ ሹራብ ለብሳለች። ጅራፏን ለምን እንዳላመጣች ጠየቃት። ፊቷን ልትጠርግ ክንዷን ስታነሳ እጅጌዋ ወደ ክርኗ ተንሸራተተ፤ ምንተስኖት ሰንበሩን አየው። አንዱ ደርቋል፣ ሌላው ገና ቀይ ነው። ጉንጉኑ ሳይቀር ቆዳዋ ላይ ታትሟል።

ልጆቹ ሲበተኑ አብሯት ወደ ቤቷ ሄደ። ገመዳ «አካም ጅርቱ፣ መምህር» ብሎ ከመቀመጫው ብድግ አለለት፤ ወንበር አቀረበ፤ እህቱን ለስላሳ እንድትገዛ ወደ ሱቅ ላካት። ጅራፉ ከበሩ ጎን ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል።

ምንተስኖት የሚለውን ሁሉ መንገድ ላይ አሰናድቶ ነበር። ገመዳ ግን ቀደመው።

«እግዜር ይስጥልኝ። ድሮ በቀበቶ ስመታት እንኳ ዓይኔን ነበር የምታየው። አሁን ይቺን ጅራፍ ካነሳሁ ቀጥ ነው። የገዛ እጇ ሥራ ስለሆነ መሰለኝ፣ ታፍራለች።»

ፊቱ ላይ ክፋት አልነበረም፤ የደከመው አባት እፎይታ ብቻ ነበር። ምንተስኖት ጅራፉን የሰጠው ለመግረፊያ እንዳልሆነ ሲናገር ድምፁ ለራሱም ቀጠነበት። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል እንደሚባለው ሆነ። ገመዳ በአክብሮት አዳመጠው። ከዚያ የእሱ ኑሮ መንገድ ላይ እንደሆነ፣ እህቱ ልጅቷን እንደማትችላት፣ ያልተቀጣ ልጅም ሰው እንደማይሆን በዝግታ አስረዳው።

«ደግሞ ተለውጣለች ያሉት እርስዎ ነዎት» አለ በመጨረሻ። «በምን የተለወጠች መሰለዎት?»

ምንተስኖት ከወንበሩ ተነሣ። ጅራፉን ከሚስማሩ አወረደ። ገመዳ አልከለከለውም፤ የእርስዎ ነው፣ ይውሰዱት ብሎ እስከ ደጃፉ ሸኘው።

ከግቢው ሳይርቅ ከኋላው የሩጫ ኮቴ ሰማ። ሶረቲ ናት። ጅራፉን በሁለት እጇ ያዘችበት።

«ቲቸር፣ ይመልሱት» አለችው። «ይሄን ካጣ በኤሌክትሪክ ገመድ ነው የሚመታኝ።»

ምንተስኖት ቆመ። ዓይኗ ውስጥ እንባ አልነበረም፤ አዳራሹ ውስጥ ጥያቄ ስትጠይቅ የምታሳየው ጥሞና እንጂ።

«ላላ አድርጎ መጎንጎን ይቻላል? እንዳያመኝ።»

ሆያ ሆዬ የሚሉ ልጆች በማዶው መንገድ እየጨፈሩ አለፉ። ምንተስኖት አጥሩ ሥር ያለ ድንጋይ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። የጫፉን ቋጠሮ ፈታ፤ ቃጫውን በተነ፤ እንደገና ከመጀመሪያው መጎንጎን ጀመረ። ትንሽ ጎንጉኖ መቀጠል አልቻለም። ለእሷ ሰጣት። ከጎኑ ተቀምጣ ቀጠለች፤ ከዚያም ትንሿን ጣቷን በጉንጉኑ መሐል አሾልካ አሳየችው።

«ይሄን ያህል?»

«ትንሽ ጨምሪበት» አላት።