ወደ አልካይ የተላከ ሽማግሌ

ብዙነህ ሚስቱን በብስክሌት ላዝናናሽ ሲላት ነገር እንዳለው መጠርጠር ነበረባት። በስድስት ዓመት ትዳር ውስጥ ይህ ሰው በገዛ ፈቃዱ ከሚኖሩባት ከቡሪየን ወጥቶ አየር የተቀበለበት ቅዳሜ የለም። ቤርሳቤህ ግን ደስ አላት። ሞኝ አትበሏት፤ ሰው ደስ ሊለው ሲፈልግ ምክንያት አይመረምርም።

የነርስነት ትምህርት ቤት ተቀብሏታል። ዛሬ እስከ አስራ አንድ ሰዓት ድረስ «እመጣለሁ» ብላ ካልመለሰች ቦታው ለሌላ ይሰጣል። አራት ዓመት ኤርፖርት ውስጥ ዊልቸር እየገፋች ብዙነህን አስተምራለች። «እኔ ልጨርስ፣ ከዚያ ተራው ያንቺ ነው» ያላት ራሱ ነበር። ከጨረሰ ሁለት ዓመት አለፈው። ተራዋ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖባት ከርሞ፣ አሁን ገና ወተቷን ልታይ ነው። መልሱን አብረው እንዲልኩት ብላ እስካሁን አቆይታዋለች።

ከሊንከን ፓርክ ተነስተው ባሕሩን በግራ ይዘው ወደ አልካይ የባሕር ዳርቻ ነዱ። ከማዶ የተራሮቹ በረዶ ይታያል፤ ሰውና መኪና የሚያሻግረው ፌሪ ወደ ቫሾን ደሴት ይሄዳል። ቤርሳቤህ ነፋሱ ፊቷን ሲመታት ሳቀች። ብዙነህ ግን በቆሙ ቁጥር ስልኩን ያያል።

«በይ፣ ትንሽ ፈጠን እንበል» አላት። «አልካይ ስንደርስ እናርፋለን።»

አልካይ ሲደርሱ፣ ውሃው ዳር ካለው ጠረጴዛ ላይ ጋሽ ኃይለ መስቀል በሐምሌ ፀሐይ ሙሉ ሱፍ ለብሰው፣ እትዬ አጸደ ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል። ያጋቧቸው ሽማግሌዎች ናቸው። ሽማግሌ ወደ ሰው ቤት ይላካል እንጂ፣ ሚስትን በብስክሌት ነድቶ ወደ ሽማግሌ ማድረስ ብዙነህ የጀመረው ወግ መሆን አለበት። ቤርሳቤህ በቁምጣዋ አፍራ፣ ሄልሜቷን አውልቃ እጅ ነሳች።

«ልጄ፣ ብዙነህ ነገረን» አሉ ጋሽ ኃይለ መስቀል እየተነሱ። «ትምህርቱ ይቆይ፣ ልጅ ይቅደም ማለትሽ አኩርቶናል። መርቀንሽ እንሂድ ብለን ነው የመጣነው።»

ወደ ባሏ ዞረች። «እኔ ነኝ እንዲህ ያልኩት?»

«ባለፈው ሳነሳብሽ ዝም አልሽ አይደል?» አለ፣ የብስክሌቱን ማርሽ እየነካካ። «ኦኬ ያልሽ መሰለኝ።»

ዝም ያለችው አስራ ስድስት ሰዓት ሠርታ ገብታ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋ ላይ እንቅልፍ ወስዷት ነው። ያውቃል። ሽማግሌ እጁን ከዘረጋ አሜን እንጂ እምቢ እንደማይባልም ያውቃል፤ የተማመነው በዚህ ነበር። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ እሱ ግን አጥር ውስጥ ሆኖ ነው የናቃት።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እጅዎን ገና አይዘርጉ» አለች። «እኔ እሺ አላልኩም። እሱ አራት ዓመት የተማረው እኔ ዊልቸር እየገፋሁ ነው። ቀጥሎ ተራሽ ነው ያለኝም እሱ ነው። ይሄን ነግሯችኋል?»

ጋሽ ኃይለ መስቀል ብዙነህን አዩት። ብዙነህ ባሕሩን አየ።

ስልኳን አውጥታ እዚያው ፊታቸው መልሱን ላከች። «ላክሁት። የምትመርቁኝ ከሆነ ይሄን መርቁልኝ።»

እትዬ አጸደ ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሱና ጭንቅላቷን ያዙ። «ያስጀመረሽ ያስጨርስሽ» አሏት። አሜን አለች። ብዙነህ አላለም።

«ሰው ፊት አዋረድሽኝ» አለና ብስክሌቱን ወደ መንገዱ አዞረ። «ነይ እንሂድ።»

«አንተ ተቀመጥ» አሉት ጋሽ ኃይለ መስቀል። «ሽማግሌ የጠራኸው አንተ ነህ። እሷ ትሂድ።»

ብዙነህ ሚስቱን ቀና ብሎ አያት። አንድ ቃል ብትናገርለት ይለቁት ነበር። ቤርሳቤህ ሄልሜቷን አሰረች፣ ሁለቱን ሽማግሌዎች እጅ ነስታ ተሰናበተች፣ ብስክሌቷ ላይ ወጣች። ስለ እሱ አልለመነችም።