ጥይት የለመደው ፈረስ

«ዛሬም አልቀመሰም?» አሉ የሟቹ የጦር ጓድ የነበሩት ሻምበል፣ ከለቀስተኞቹ መሃል ተነስተው ዱላቸውን እየተመረኮዙ ወደ ጋጣው ሲመጡ።

«አልቀመሰም ጋሼ። አባዬ ከተቀበረ ወዲህ ውሃ ብቻ ነው።»

ልጅቱ ገብሱን በመዳፏ ይዛ ቆማለች። ሽማግሌው ዳማ ፈረስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል። አክስቶቿ «ሰው ሞቶ ለፈረስ ታለቅሳለች» እያሉ ሲያሟት ሰምታለች፤ ይሟት። አባቷ ትቶላት የሄደው ነፍስ ያለው ነገር ይኸው ብቻ ነው፤ እሱም ዓይኗ እያየ ሊሞትባት ነው።

«አባትሽ ፈረሶቻችንን ተኩስ ያስለምድ እንደነበር ነግሮሽ ያውቃል?»

«ስለ ጦርነት ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።»

«መጀመሪያ ይተኩሳል፣ ከዚያ ገብስ ይሰጣቸዋል። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው። እየቆዩ ተኩስ ሲሰሙ ለሃጫቸው ይዝረበረብ ጀመር። የሌላው ፈረሰኛ ጦር ፈረስ በጅራፍ ይነዳል፤ የኛዎቹ ራሳቸው ናቸው የሚሮጡት።» ድምፃቸው ሰለለ። «በመጨረሻው ውጊያ መትረየስ ጠበቃቸው። ምሳ መስሏቸው ሮጡ፣ ልጄ። የተመለሰው ይኼ ብቻ ነው። አባትሽ አንገቱን አቅፎ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ‘ከእንግዲህ ድምፅ ሰምተህ ባዶ እጅ አይጠብቅህም’ ብሎ ማለለት።»

ልጅቱ መዳፏ ላይ ያለውን ገብስ አየች። ልጅ ሳለች ሰሃን ከእጇ አምልጦ ሲሰበር አባቷ አይቆጣም ነበር፤ ምግቡን አቋርጦ፣ ገብስ ዘግኖ ይወጣል። ጎረቤት በሩን ሲያላጋው ይወጣል። ነጎድጓድ በበዛበት ክረምትማ ፈረሱ ሆዱ እንደ ከበሮ ይነፋ ነበር። እናቷ «ይኼ ሰውዬ ጤና የለውም» ብላ ትስቅበት ነበር። እሱም አብሯት ይስቃል እንጂ ምክንያቱን አይናገርም።

ገብሱን በአንድ እጇ እንደያዘች፣ በሌላው ጥግ የቆመውን አካፋ አነሳችና የጋጣውን የቆርቆሮ በር ባላት ኃይል መታችው።

ቤት ውስጥ ወሬው ሁሉ ቀጥ አለ። «ምነው፣ ልጅቷ አበደች እንዴ!» አለች አንዷ አክስት።

የፈረሱ ጆሮ ቆመ። ቀስ ብሎ ዞረ፣ እግሩን እየጎተተ መጣ፣ ሞቃት ከንፈሩን መዳፏ ላይ አሳረፈ። በላ። ሻምበሉ ፊታቸውን አዞሩ።

ገብሱ ሲያልቅ ፈረሱ ቀና ብሎ ከትከሻዋ በላይ በሩን አየ፤ ሌላ ሰው የሚጠብቅ ይመስል ነበር።

«የለም፣ የኔ ጌታ» አለችው። «እኔ ነኝ።» ያኔ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ከቤት በኩል አሁን የደረሰች ለቀስተኛ እሪ አለች። ልጅቱ ፊቷን በክንዷ ጠረግ አድርጋ፣ ሌላ ገብስ ዘገነች።