ሁለት ማዳመጫ በአንድ ሽቦ

«እዚያ ላይ ሰው ካለ፣ ለምን ዝም አለ?»

የጠየቀኝ ታላቅ ወንድሜ ቀጮ ነው። ልጆች ነበርን፤ በአባባ የራዲዮ መጠገኛ ቤት ጣሪያ ላይ በጀርባችን ተንጋለን፣ በቀን የወጣች ጨረቃ እያየን። ቆርቆሮው ጀርባችንን ያቃጥለን ነበር፤ ግን ቀድሞ የሚወርድ ፈሪ ስለሚባል ሁለታችንም አንወርድም።

መልሱን ልፈልግ ብዬ ሩቅ አገር ሄጄ ተማርኩ። ሜዳ የሚያክሉ የብረት ሳህኖች ከሰማይ የሚለቅሙትን የራዲዮ ሞገድ ሽውታ ሳዳምጥ ኖርኩ። እነሆ ተመልሻለሁ፤ ዛሬም ለቀጮ የምለው የለኝም። መልሱን አላውቀውም፤ ቀጮም የት እንዳለ አላውቅም።

ስመጣ ለእማዬ «ለእረፍት ነው» አልኳት። ሻንጣዬን ከፍታ አየችና፣ «ለእረፍት የመጣ ሰው ወፍራም ካፖርት ምን ያደርግለታል?» አለች። ሌላ አልጠየቀችኝም። እኔም ሥራዬን መልቀቄን፣ ለምን እንደለቀቅሁ ግን በቅጡ እንደማላውቅ አልነገርኳትም።

የደረስኩት ቤቱ ሊፈርስ ሲል ነው። መንገድ ሊሰፋ ስለሆነ ሰፈሩ በሙሉ ይነሳል። ከፊት የአባባ ሱቅ፣ ከኋላ ሁለት ክፍል፣ በመካከላቸው የማይዘጋ በር። አባባ ከሞተ ቆይቷል፤ ሱቁ ግን አሁንም የብየዳ ጢስና የአሮጌ እንጨት ይሸታል። ግድግዳው ላይ ራዲዮኖቹ የነበሩበት ቦታ ከሌላው ነጣ ብሎ ቀርቷል። እያንዳንዱ ነጭ ምልክት የትኛው ራዲዮ እንደነበረ ዓይኔን ጨፍኜ መናገር እችላለሁ። አንዱ ካልመቱት አይናገርም ነበር።

አጎቴ፣ የእማዬ ታናሽ ወንድም፣ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ዕቃውን ሁሉ ጭኖ ጨርሶ ላቡን እየጠረገ ገባ። እማዬ ከእንግዲህ የምትኖረው እሱ ቤት ነው።

«እታለም፣ የቀረው ስልኩ ነው። ንቀይውና እንሂድ፤ መኪናዬ መንገድ ዘግታለች።»

«ስልኩ አይነቀልም።»

«ቤቱ ሲፈርስ አየር ላይ ሊንጠለጠል ነው?»

«ይንጠልጠል።»

ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ የሰማይ ዶክተር፣ ምከሪያት እንጂ! ወይስ የምድር ጉዳይ አይመለከትሽም?»

«የምድሩን ለአንተ ትቼልሃለሁ» አልኩት።

«አዬ፣ ይሄን ሁሉ ተምረሽ ምላስሽ ብቻ ነው የረዘመው!»

ስልኩ በአባባ መሥሪያ ጠረጴዛ ላይ፣ እማዬ በሠራችለት የዳንቴል ጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ቀጮ መርከብ ላይ ሥራ አገኘሁ ብሎ ከሄደ ወዲህ የሚደውለው በዚህ ቁጥር ነበር። ሌላ ቁጥራችንን አያውቅም። ለመጨረሻ ጊዜ የደወለው በሥራ ባልደረባው ስልክ ሲሆን፣ አባባ ያንን ቁጥር ከጠረጴዛው በላይ ግድግዳው ላይ በትልልቁ ጻፈው። ከዚያ ዝም። አባባ ሲሞት እንኳ ዝም። እማዬ ከሰዓት በኋላ ሁሉ እዚህ እየተቀመጠች ዳንቴሏን ትሠራለች፤ ስልኩን ታዳምጣለች። የስልክ መሥሪያ ቤቱን ስንጠይቅ መስመሩ ከሰፈሩ ጋር ይጠፋል አሉን። ስልኩ ተነቀለ ማለት፣ ቀጮ እኛን የሚያገኝበት መንገድ ተዘጋ ማለት ነው።

እነሱ ሲከራከሩ እኔ የጠረጴዛውን መሳቢያ ባዶ ላድርግ ብዬ ሳብኩት። ብሎን፣ የተቃጠለ ፊውዝ፣ የተጠቀለለ ሽቦ። ከሥሩ ሁለት ጥቁር የጆሮ ማዳመጫዎች።

ወዲያው አወቅኋቸው።

ልጆች ሳለን ነው፤ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ነበር። ቀጮና እኔ የራሳችንን ስልክ ልንሠራ ተነሳን፤ ከሱቁ እስከ ኋላው መኝታ ቤት ሽቦ ዘረጋን። በአባባ ሱቅ የሚቀበል እንጂ የሚልክ ዕቃ አልነበረምና፣ በሁለቱም ጫፍ ያገኘነውን ማዳመጫ አሠርን። እኔ ጠረጴዛው ሥር፣ እሱ አልጋው ሥር ገብተን ጆሯችን ላይ ለጠፍን። እኔ «ታላቅ ነው፣ እሱ ይጀምር» ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ደግሞ «እሷ መቼ አፏ ያርፋል፣ ትጀምራለች» ብሎ ጠበቀ። ማንም ሳይጀምር ቀኑ ዘመም አለ።

አባባ ጎንበስ ብሎ አየኝ። «ምን ትሠሪያለሽ?»

«አዳምጣለሁ።»

«ቀጮስ?»

«ያዳምጣል።»

«ታዲያ ማን እየተናገረ?»

ዕንባው እስኪወርድ ሳቀ፤ መነጽሩን አወለቀና ጠረገ። ከዚያ ማዳመጫውን ከጆሮዬ ወስዶ አፉ ላይ አደረገና፣ «ሻይ ቀዝቅዟል፣ ና!» አለ። ቀጮ ከኋላ «ሰማሁ! ሰማሁ!» ብሎ ሲጮህ ራሱን ከአልጋው ብረት ጋር አጋጨ። አባባ ዕቃውን ፈትቶ አሳየን፤ ማግኔትና ስስ ልሙጥ ብረት። «የሚሰማውም የሚናገረውም ይኸው ነው» አለን። «የሚናገርበት ካገኘ።»

ይህን ታሪክ ሩቅ አገር ለሥራ ባልደረቦቼ ነግሬያቸው አያውቅም። እነሱ ስለ ዝምታው ብዙ ያስባሉ። ምናልባት በጣም ሩቅ ናቸው፤ ምናልባት እኛ ሳንፈጠር ጠፍተዋል፤ ምናልባት ሁሉም እንደኛ እያዳመጠ ነው። ታዲያ እኛ መልእክት እንላክ የሚል ሐሳብ ሲነሳ ስብሰባው ለሁለት ተከፈለ። «ክፉ ፍጡር ቢሰማንስ?» አሉ ግማሾቹ። እኔ ለየትኛውም ወገን እጄን አላወጣሁም። ሌላ ነገር ያስፈራኝ ነበር፤ ምን እንደሆነ ግን ስም አላገኘሁለትም።

«እማዬ» አልኳት። «ቁጥሩ ይኸው ግድግዳው ላይ አለ። ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን አንቺ አልደወልሽም?»

ዳንቴሉን በጣቷ አቃናች።

«ደውዬ ባይነሳስ?»

ግድግዳው ላይ ያለውን ቁጥር ቀና ብላ አየች።

«አሁን ሰው ሲጠይቀኝ፣ ገና አልደወለም እላለሁ። ያን ጊዜ ምን ልበል?»

አጎቴ ገመዱን ላጥብቅ ብሎ ወጣ። ገመዱን ግን ቀደም ብሎ ሲያጠብቀው እኔ ራሴ አይቻለሁ።

ስም ያጣሁለት ፍርሃት ይኸው ነበር፤ እናቴ ዳንቴል እየሠራች ስትኖርበት የቆየችው። የሚያዳምጥ ሰው ተስፋው አይነካበትም። የሚጠራ ግን ሊያጣው ይችላል።

ማዳመጫዎቹን መዳፏ ላይ አኖርኩላት። ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየቻቸው።

«ያን ቀን» አለች፣ «ሻዩ የእውነት ቀዝቅዞ ነበር። ሁለተኛ አፈላሁ።» ፈገግ አለች። ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ዳንቴሉን አንስታ አጠፈችና ጉያዋ ከተተችው። «ቁጥሩን አንብቢልኝ። ቀስ እያልሽ።»

አነበብኩላት። መታች። ረጅም ጠራ። ጆሮዬን ከጆሮዋ ጋር አጋጠምኩ፤ በማናውቀው ቋንቋ አንዲት ሴት ተናገረችና ጢጥ አለ።

«ምን አለች?»

«መቅጃ ነው፤ መልእክት ተዉ ማለቷ ይመስለኛል።»

«ስሙን ጠርታለች?»

«አልጠራችም። ተናገሪ እማዬ፣ እየቀዳ ነው።»

ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው። ተናግራ ስትጨርስ እኔ የአጎቴን ቁጥር ጨመርኩበት፤ ከዚያ ማንም ሳይነግራት ጎንበስ ብላ ገመዱን ከግድግዳው ነቀለች። ዛሬ አጎቴ ቤት ስልክ በጮኸ ቁጥር ሦስታችንም ቀና እንላለን፤ የሚደውሉት ግን ጭነት ያላቸው ሰዎች ናቸው። ከዚያ ቁጥር ማንም አልደወለም። ያለችው ይህን ነበር፦

«ቀጮዬ፣ እኔ ነኝ። ቤቱ ሊፈርስ ስለሆነ አጎትህ ጋ ልገባ ነው። አባትህ... እሱን ስትደውል እነግርሃለሁ። እህትህ መጥታለች፤ ለእረፍት ነው ትላለች። የአጎትህን ቁጥር ትነግርሃለች፣ ጻፈው። ይሄን የምትሰማው አንተ ካልሆንክም፣ አንተ የማን ልጅ፣ ካገኘኸው ንገርልኝ። ሻይ ቀዝቅዟል፣ ና።»